ኦዱሮ አንቴና ሲያስተካክል

[ኩማሲ፣ ከሰዓት በኋላ፣ የኦዱሮ ሳሎን። ለመንደር ቤቱ ጥቂት ጥቂት እያለ የሚገዛው የጣሪያ ቆርቆሮ መስኮቱን ጋርዶ ተደርድሯል። ቴሌቪዥኑ ይንሿሿል፤ ምስል የለም። ጎረቤቱ ባፉር፣ ገና በሩን ሲያልፍ ኦዱሮ ያሳቀፈውን የቤት ውስጥ አንቴና ይዞ ቆሟል።]

ኦዱሮ፦ ወደ ግራ አልኩህ እኮ።

ባፉር፦ ይኸው ግራ።

ኦዱሮ፦ ያ ያንተ ግራ ነው። የቴሌቪዥኑን ግራ ነው የምልህ። ልጄ አዶማ ትምህርት ቤቷን ወክላ በቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድር ፍጻሜ ላይ ቀርባ፣ እኔ ግራና ቀኝ ላስተምር?

ባፉር፦ ቁጭ ልበል?

ኦዱሮ፦ አዎ፣ ትራስም ላምጣልህ። ቁም ይልቅ። [ምስል ብልጭ ይላል።] መጣች። አትተንፍስ።

ባፉር፦ እሺ።

ኦዱሮ፦ ተነፈስክ። ሄደች።

ባፉር፦ ይሄ ቆርቆሮ መስኮቱን ባይጋርደው ኖሮስ? ሞገዱ በየት ይግባ?

ኦዱሮ፦ የኔ ኢንጂነር። ቆርቆሮው ብረት፣ አንቴናው ብረት። ዘመድ ዘመዱን ይስባል። እንዲያውም እላዩ ላይ አስደግፈው።

[ያስደግፈዋል። ድምፁም ጥርግ ብሎ ይጠፋል።]

ባፉር፦ ዘመዶቹ ተኳርፈዋል መሰለኝ።

ኦዱሮ፦ አያያዝህ ነው። የገበያ ዶሮ አስመሰልከው እኮ። በል ወንበሩ ላይ ውጣ።

ባፉር፦ [ወጥቶ] አሁንስ?

ኦዱሮ፦ አሁን ያንተን ሆድ ጥርት አድርጌ እያየሁ ነው። ልጄን ግን አላየሁም። ስትመጣ “አየኸኝ አባባ?” ብትለኝ ምን እላታለሁ?

[ከአጥሩ ማዶ ጭብጨባና ሁካታ ይሰማል።]

ኦዱሮ፦ አለቀ። ሰው ሁሉ አየ፣ አባቷ ቀረ። [ዘፍ ብሎ ይቀመጣል።] በል ውረድ፣ አረፍ በል። [ውሃ ቀድቶ ይሰጠዋል።] እንኳን ደህና መጣህ። ለመሆኑ ምን እግር ጣለህ?

ባፉር፦ [ጠጥቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ] እኛ ቤት ሁሉ ሰላም ነው። ባለቤቴ ናት የላከችኝ። “አዶማ በእኛ ቴሌቪዥን ኩልል ብላ እየታየች ነው፣ ወንበር ይዘንለታል፣ ሮጠህ ጥራው” ብላኝ ነው።

ኦዱሮ፦ እና አንድ ሰዓት ሙሉ አንቴና አቅፈህ ስትገተር ይህን አትነግረኝም?

ባፉር፦ ውሃ ሳልቀምስ፣ ምን አመጣህ ሳልባል መልእክት ልዘርግፍ? እኔ ደንቆሮ ልሆን እችላለሁ፣ ኦዱሮ። ያልተጠየቀ እንግዳ እንደማይናገር ግን እናቴ አስተምራኛለች፤ አንተን አዋቂውን ማን ያስተምርህ?