ካርዴ ያልወጣበት ምክንያት

ሰው ሲያመው «ደህና ነኝ» ይላል፣ ሰውም ያምነዋል። እኔ ደህና ሆኜ «ደህና ነኝ» ብል የሚያምነኝ ጠፋ። ሳቁ፣ ግድ የለም። ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

አሰላ ላይ አንዲት ትንሽ ቪዲዮ ቤት አለችኝ። ሰርግ እቀርጻለሁ፣ አቀናብራለሁ። ኮምፒውተሬ ግን አርጅታለች። ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ ያለውን ቀስ አድርገሽ አሳዪ ስላት ታስባለች፣ ታስባለች፣ ከዚያ ጥፍት! ባለፈው አንዱ ሙሽራ የሰርጉን ቪዲዮ ሊወስድ የመጣው ሕፃን ታቅፎ ነው። ምን ልበለው? «እንኳን ማርያም ማረቻት» አልኩና ወንበር ሰጠሁት።

የዚህች ኮምፒውተር መድኃኒት ምስል የሚያፈጥንላት አዲስ ግራፊክስ ካርድ ነው። ካርዱ ደግሞ ተሠርቶ አልቋል አሉ። ታዲያ ለምን አይለቁትም? እሱን እንደ ልቡ የሚያሠራው አዲሱ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ድራይቨር ከሚሉት ፕሮግራም ጋር፣ አልደረሰማ! ዛሬ ነገ እየተባለ ይገፋል። ካርዱ ብቻውን ቢወጣ ግማሽ ጉልበቱ ተኝቶ ይቀራል፣ ገዢውም ይራገማል። ስለዚህ ኩባንያው ዕቃውን አቅፎ ቁጭ ብሏል።

ይሄ ነገር ለብዙ ሰው አይገባውም። ለኔ ግን ወዲያው ነው የገባኝ፤ ኑሮዬ ነዋ። በቆጂ ውስጥ የምወዳት ልጅ አለች። አባቷ ጋሽ በቀለ ሽማግሌዎቼን በክብር ተቀብለው፣ አብልተው አጠጥተው፣ «ታላቋ ሳትዳር ታናሿን አልድርም» ብለው ሸኟቸው። ታላቅየዋ ምሕረት ጎበሳ ጤና ጣቢያ ተመድባ የምትሠራ ነርስ ናት። ለማግባት ደግሞ ምንም የቸኮለች አትመስልም። እንግዲህ እሷ ሲስተሙ፣ የኔዋ ካርዱ መሆናቸው ነው። ይኸው ሁለት ዓመት! የኔዋ ስሟ ትዕግሥት ነው። እኔ ዘንድ ያለቀውም እሱ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ከበቆጂ ወደ አሰላ በሚኒባስ ስመለስ፣ አዲስ አበባ ያለው ዕቃ አምጪ ጓደኛዬ ደወለ። መስመሩ ይቆራረጣል፤ እኔም እጮሃለሁ።

«ካርዱ አልወጣም? ምን? ኦፕሬቲንጉ ነው የዘገየው? ኧረ እኔ እስከዚያ አልቆይም፣ ያልቅልኛል! ድራይቨሩስ? እሱም የለም?»

ሾፌሩ በመስታወቱ ገላመጠኝ። ስልኩን ስዘጋ ተሳፋሪው ሁሉ ወደ እኔ ዞሯል።

እስቲ ፍረዱ። እኛ አገር ካርድ የሚወጣው የት ነው? ሐኪም ቤት! ኦፕሬሽንስ? አጠገቤ የተቀመጡት እናት ክንዴን ዳበስ ዳበስ አደረጉና «አይዞህ ልጄ፣ እኔም ሐሞቴን ተቀድጄ ይኸው አለሁ» አሉኝ።

«ኧረ እማማ፣ የኮምፒውተር ነው!» አልኩ።

«አዎ፣ አሁንማ በኮምፒውተር ሆኗል። ምንም አያምም።»

አሰላ ስወርድ ሾፌሩ ራሱ ወርዶ ቦርሳዬን አቀበለኝና በኦሮምኛ «ረቢ ሲ ሃ ፈይሱ» ብሎ መረቀኝ፤ እግዜር ይማርህ ማለቱ ነው። ኦሮምኛውም አማርኛውም በአንድ ቀን በሽተኛ አደረጉኝ።

እኚያ እናት ደግሞ ለካ የጋሽ በቀለ ጎረቤት ኖረዋል! በሦስተኛው ቀን ጋሽ በቀለ ራሳቸው፣ በአንድ እጃቸው እርጎ፣ በሌላው በሶ ይዘው ቪዲዮ ቤቴ ደጃፍ ላይ ቆሙ። ደነገጥኩ። ሽማግሌ የመለሱ ሰው እርጎ ይዘው ሲመጡ ምን ይባላል?

«ጋሼ፣ እውነቴን ነው፣ እኔ ምንም አላመመኝም» ብል ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ወንድ ነህ። እንዲህ ነው እንጂ መቻል!» አሉና በሶውን ራሳቸው በጠበጡልኝ። እኔም ጠጣሁ። ምን ላድርግ?

ከዚያ ምሕረትን ላኩብኝ። እሷም የደም ግፊት መለኪያዋን ይዛ መጣች። ክንዴን ጠቅልላ እየነፋች «ኦፕሬሽኑ የምንህ ነው?» አለችኝ። ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ካርዱን፣ ሲስተሙን፣ ማን ማንን እንደሚጠብቅ። በመጨረሻም፣ አፌ አላርፍ ብሎ፣ «ሲስተሙ አንቺ ነሽ» አልኳት። መለኪያው ወድቆ እስኪንከባለል ሳቀች።

«ቆይ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እኔን ነው የምትጠብቁት? ማን ጠየቀኝ? እኔ እኮ ማግባት አልፈልግም!»

ይኸውላችሁ! ሁለት ዓመት ሙሉ ሽማግሌ ስንመርጥ፣ ለሷ ባል ስናፈላልግ፣ አንድ ሰው እንኳ ሄዶ አልጠየቃትም። በማግስቱ በቆጂ ወጣች። ማታውኑ ደወለችልኝ፦ «እኔን አትጠብቁ አልኩት፤ አባዬም እሺ ብሏል። ትዕግሥትን ሰጥቶሃል።»

ዘለልኩ። ያቺን አሮጊት ኮምፒውተር አቅፌ ሳምኳት። ጎረቤት የሚሠራው ልብስ ሰፊ እየሮጠ መጣና እሱንም ሳምኩት። የዚያን ዕለት ደስታ ተነግሮ አያልቅም።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም» አለች ምሕረት በስልኩ ውስጥ። «ኦፕሬሽን የሚባል ነገር እንደሌለብህ ምዬ ተገዝቼ ነገርኩት።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ አቀፈኝ። ‹የበሽተኛ ምስጢር የምትጠብቅ ነርስ ልጅ ስለሰጠኝ ተመስገን› አለ። ሰርጉን ኦፕሬሽኑ በሰላም ካለፈ በኋላ አድርጎታል።»

ከዚያ ወዲህ ጋሽ በቀለ በየሳምንቱ ይደውላሉ። «ልጄ፣ ኦፕሬሽኑ መቼ ነው አሉህ?» ይሉኛል። እኔም እንግዲህ ውሸት አልወድም፤ «ገና ነው ጋሼ፣ አሁንም ገፉት» እላቸዋለሁ። ካርዱንስ ተውኩት፣ ይቅር። ያንን ሲስተም ግን አደራ፣ ቶሎ በሉ በሏቸው። ሚስቴን ይዘውብኛል!