ሰባት ቤት በጥቁር ገጽ

ሥልጣኔ ማለት ደህና ሲታይ የኖረውን ነገር እንዳይታይ አድርጎ «ለዓይንህ ብለን ነው» ማለት ነው! አይደለም የምትሉ ካላችሁ፣ ስልካችሁን ይዛችሁ ኮሶዬ ውጡና በእኩለ ቀን ፀሐይ ጥቁር ገጽ ላይ የተጻፈ አንድ መስመር አንብቡልኝ። እጠብቃችኋለሁ…

ታናሽ ወንድሜ ዳዊት ከትዕግሥት ጋር አራት ዓመት ከከረመ በኋላ «ሽማግሌ ላኩልኝ» አለ። ትዕግሥት ጎንደር ነርስ ናት፤ ወላጆቿ ያሉት ግን ከጎንደር በላይ ኮሶዬ ነው። እነሱ ደግሞ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጅ አይድሩም። ሁለቱም ወገን አያቶቹን እስከ ሰባት ትውልድ ይጠራል፤ በሁለቱም በኩል አንድ ሰው ከተገኘ ልጆቹ ዘመድ ናቸውና ጋብቻው ቀረ! አባታችን በሕይወት ስለሌለ ቆጣሪው እኔ ሆንኩ።

እናቴ ሰባቱን ስም በደብተር ወረቀት አስጽፋ ቁስቋም ድረስ ቤቴ ይዛልኝ መጣች።

«በቃልህ አጥናው። ካቃተህም ወረቀቱን ያዝ።»

«እማዬ፣ ስልክ እያለ ወረቀት?»

«ስልክህ አያትህን ያውቀዋል?»

መቼም የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ የሰው ሁሉ ፋይል ኮምፒውተር ውስጥ ስከት ነው የምውለው። የራሴን ዘር መክተት ያቅተኛል? ስሞቹን አሳምሬ ተየብኩና መጽሐፍ የማነብበት አፕ ላይ ጫንኳቸው፤ ወረቀቱም መሳቢያ ውስጥ ቀረ። የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ይጽፉ የለ? እኔም የአያቶቼን ስም በቀይ አደረግሁት። ቅዱሳን ነበሩ የሚል ቃል አልወጣኝም… ግን ሚስት ሊጠይቅ ሲሄድ ቅዱስ ያልሆነ አያት ያለው ማን ነው?

ይህን ያየ አንድ የቢሮ ባልደረባዬ «ሸጋ ነው፤ ግን ዳርክ ሞድ አድርገው። ነጭ ገጽ ዓይን ይጎዳል፤ ባትሪም ይበላል» አለኝ። ዓይኔን አሞኝ አያውቅም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ገጹን አጠቆርኩት። ቀዩ ትንሽ ደብዘዝ አለ፤ ቢሮ ውስጥ ሳየው ግን ያምር ነበር። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል፤ እኔ የሰባት አያቶቼን ስም በአንድ ጣት አጠብኩ።

በቀጠሮው ቀን ከሁለት አዛውንት ጎረቤቶቻችን ጋር ሄድን። ዳዊት መንገድ ዳር ካለው ምግብ ቤት ቀርቶ ይጠብቃል። የልጅቱ ወገኖች ግቢው ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ አግዳሚ አዘጋጅተው ተቀበሉን። ለእነሱ የቆጠሩት የአባቷ ታላቅ ወንድም አያ አድማሱ ናቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰባቱን በአንድ ትንፋሽ አወረዱትና፣ «ሰባተኛው ከእንፍራንዝ የመጣው ቢምረው!» ብለው ዘጉ። «እናንተሳ?»

እኔ ሆዬ ጉሮሮዬን ጠርጌ ስልኬን አወጣሁ። ከፈትኩት። ገጹ ላይ ያለው እንዲህ ይላል፦ «የ… ልጅ፣ የ… ልጅ፣ የ… ልጅ»። ልጁ ሁሉ አለ፤ አባት ግን አንድም የለም! ብርሃኑን እስከ ጫፍ ጨመርኩት፤ ባሰበት። ስልኩ መስታወት ሆኖ የገዛ ፊቴን ያሳየኛል። በላብ የተጠመቀ ፊት ደግሞ በሰባት ቤት ቆጠራ ውስጥ አይገባም።

ሦስቱን በቃሌ አውቃቸው ነበር። «አለነ፣ ታከለ፣ ወርቁ…»

«አራተኛው?»

ስልኩን ወደ ግራ አዘነበልኩ። ወደ ቀኝ አዘነበልኩ። ጋቢዬን ከላይ ተከናንቤ እንደ ዶሮ ጫጩት ከሥር ተደበቅሁ፤ ፀሐይዋ ግን በጋቢውም አልፋ ገባች።

«ምነው ልጄ፣ በረደህ?» አሉኝ አያ አድማሱ።

ወገኖቼ፣ የተጨነቀ ሰው ጆሮው ላይ የቀረውን ነው የሚናገረው። «ቢምረው!» አልኩ።

አያ አድማሱ አንገታቸውን ወደ እኔ አሰገጉ።

«የየት አገሩ ቢምረው?»

ከዓለም አገር ሁሉ አንድ ብቻ ነው አፌ ላይ የመጣው። «የ… የእንፍራንዙ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ! የልጅቱ አባት በርጩማቸውን ወደ ኋላ ሳብ አደረጉ። «እንግዲያማ ወንድምና እኅት ናቸው። ጉዳዩ አበቃ።» ከቤት ውስጥ «ውይ!» የሚል የትዕግሥት ድምፅ ተሰማኝ። በዚያች ሰዓት ስልኬ ጮኸ። ከዚያ ሁሉ ጥቁር መሐል አንድ ስም በትልቁ ቦግ አለ፦ «ዳዊት»። የአራት ዓመት ፍቅሩን በአንድ የቃል ስሕተት ቀብሬ፣ ምን ብዬ ላናግረው ነው?

አላነሳሁትም። ተነሥቼ ቆምኩ።

«አያ አድማሱ፣ ይቅር ይበሉኝ። ቢምረው የሚባል ዘመድ የለንም። ዋሽቼ ነው። አልታይ ብሎኝ…»

«ምኑ?»

«አራተኛው አያቴ።»

አያ አድማሱ እጃቸውን ዘረጉ። ስልኩን ሰጠኋቸው፤ ሊወረውሩት ነው ብዬ ነበር። እሳቸው ግን በአውራ ጣታቸው ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረጉና መለሱልኝ። ገጹ ነጭ ሆኗል! «የኔንም ስልክ ትዕግሥት ናት እንዲህ ያረገችልኝ» አሉ።

አያቶቼ በቀይ ቀለም ተሰልፈው ቆመዋል፦ ዋሴ፣ ደረሶ፣ ገላው፣ ጓንጉል። ጮክ ብዬ ጠራኋቸው። ሁሉም የደንቢያ ሰዎች፤ እንፍራንዝን የረገጠ የለም። አባትዬው በርጩማቸውን ወደ ቦታው መለሱ፤ ምርቃቱም ወረደ። እኔም «ተሳክቷል» ብዬ ለዳዊት ጻፍኩለት።

ስንሰናበት ግን አፌ አላርፍ አለ። «ጥቁሩ እኮ ለዓይን ጥሩ ነው ብለውኝ ነው» አልኳቸው።

አያ አድማሱ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«እኔ ብራና ስፍቅ ነው ያደግሁ። ፍየሉ ጥቁርም ቢሆን ቆዳውን ነጭ እስኪሆን ነው የምንፍቀው። ምነው ልጄ፣ እስተዛሬ ሥራ ፈተን መሰለህ?»