«ልክ ነህ» የማይሉት ዶን ኡባልዶ

በዓለም ላይ ሰው በተሰበሰበበት ሥፍራ ሁሉ፣ በክርክር ተሸንፎ የማያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ይህን ስጽፍ ብዕሬ ትንሽ ያመነታል፤ ምክንያቱም ዓለምን አላየሁም፤ ከማታንሳስ ከተማችን ርቄ የሄድኩት እስከ ዋና ከተማዋ ሃቫና ብቻ ነው፤ እዚያም የቆየሁት አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ሆኖም የእኛን ተከራካሪ ያየ ሰው፣ ተፈጥሮ እንዲህ ያለውን ፍጡር አንድ ብቻ ሠርታ እንደማትተው ይረዳልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

የእኛው ክቡርነታቸው ዶን ኡባልዶ ሪቬሮን ይባላሉ። በጡረታ የተገለሉ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ሲሆኑ፣ ዛሬ የዘወትር ሥራቸው ልክ መሆን ነው። ይህንንም ሥራ ያለ ዕረፍት ቀን ያከናውናሉ። ማለዳ ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ካለው ሰልፍ ደርሰው እንደ ማንኛውም ሰው «የመጨረሻው ማነው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ የመጨረሻዋ ሴትዮ እጇን ስታወጣ ግን፣ «አይ፣ አንቺ አይደለሽም» ይሏታል።

«ዳቦው እኮ አነሰ፣ ዶን ኡባልዶ» ትላለች ሴትዮዋ፣ ነገሩን ለማብረድ።

«ያነሰው ዳቦው አይደለም፤ የሰው ትከሻ ነው። ኳስ ወርዋሪው ታርሲሎ ይህችኑ ዳቦ በልቶ አልነበር እንዴ እንደዚያ የሚወረውረው? እኔ እዚያ ነበርኩ!»

«እኔ እዚያ ነበርኩ» የክቡርነታቸው ማኅተም ናት። ያላረፈችበት ጉዳይ የለም። አንድ ጊዜ ጥርሳቸውን አሟቸው ሐኪም ዘንድ ሄዱ፤ የታመመው የትኛው ጥርስ እንደሆነ ከሐኪሙ ጋር ተከራክረው ረቱት፤ ሐኪሙም ተሸንፎ ጤነኛውን ነቀለላቸው። ጉንጫቸው አብጦ ወደ መናፈሻው ሲመለሱ ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን በክብር፣ «ያ ጥርስ ቢሆን ሊያመኝ እያሰበ ነበር» አሉ። ሌላ ቀን ዝናብ እንደማይዘንብ አረጋግጠውልን ሳለ ሰማዩ ተቀደደ። ሁላችንም ስንሮጥ፣ እሳቸው ሸሚዛቸው ከቆዳቸው ተጣብቆ ባሉበት ቆመው «ይህ ዝናብ አይደለም፤ ባሕሩ ነው የሚረጨን!» እያሉ ይጮኹ ነበር።

የዶን ኡባልዶ እውነተኛ ችሎት ግን በመናፈሻው ትልቅ ዛፍ ሥር ነው። እዚያ ዓመቱን ሙሉ በዱላ ስለሚመታው ኳስ፣ ስለ ቤዝቦል ይወራል፤ በተለይም መጫወት ስላቆሙና ስለሞቱ ተጫዋቾች። ባዕድ ሰው ድንገት ቢደርስ ፖሊስ ይጠራል፤ ሰዎቹ ደረት ለደረት ገጥመው፣ ጣት ከዓይን ሥር ቀስረው ሲጮኹ ደም የሚፈስ ይመስላል። እነሱ ግን በመሐል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የሚስትህ ጉልበት እንዴት ሆነላት?» ይባባላሉ፤ መልሱን ሰምተው ወደ ጩኸታቸው ይመለሳሉ።

የክቡርነታቸው ዋነኛ ባላጋራ ዶን ሲሪሎ ባልዶኪን ነበሩ፤ ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ጡረታ የወጡ ፀጉር አስተካካይ። የሁለቱ ጠብ ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል። ዶን ኡባልዶ፣ ከተማችን ካፈራቻቸው ኳስ ወርዋሪዎች ሁሉ የሚበልጠው ታርሲሎ ነው ይላሉ፤ ኳሱ ከመፍጠኑ የተነሣ መቺው በዱላው ሊመታው ሲዘጋጅ ድምፁን ይሰማል እንጂ አያየውም ነበር። ዶን ሲሪሎ ደግሞ ግራኙ ቤኒግኖ ነው ይላሉ፤ የእሱ ኳስ ቀርፋፋና ተንኮለኛ ስለነበር፣ መንገድ ላይ ቆሞ ከሰው ጋር ሰላምታ ተለዋውጦ የሚመጣ ይመስል ነበር።

«እኔ እዚያ ነበርኩ!» ይላሉ አንዱ።

«ነበርክ፤ ግን ዓይንህን እያሸህ ነበር!» ይላሉ ሌላው። «አንተ አውቶቡስ እንኳ ስትነዳ መንገዱን አይተህ ታውቃለህ?»

«አንተስ? ግማሽ ከተማ ጆሮው የተቆረጠው በማን መቀስ ነው?»

እኔ የታሪክ ተማሪ ነኝ። ከትምህርት ስመለስ መጽሐፌን ብብቴ ውስጥ ይዤ ከዛፉ ጥላ ጠርዝ ላይ እቆም ነበር፤ አንድም ቀን ግን አልተናገርኩም። ፍርሃት ብቻ አይደለም ብዬ ራሴን ማጽናናት እወዳለሁ፤ ዛፉ ሕግ አለው። በዛፉ ሥር አፉን ከፍቶ ሐሳብ የሰነዘረ ሰው ያንን ሐሳብ ዕድሜ ልኩን ይጠብቀዋል፤ ሐሳቡን ጥሎ የሸሸ ሰው ዳግመኛ ዛፉ ሥር አይቆምም። እኔ ደግሞ ዕድሜ ልኬን ልጠብቀው የምችል አንድም ሐሳብ አልነበረኝም፤ ማታ ያመንኩትን ጧት የምጠራጠር ሰው ነኝ።

ሁለተኛው ሕግ ከመጀመሪያው ይከብዳል። ለባላጋራ «ልክ ነህ» የሚባልበት ሥፍራ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሬሳ ሣጥን አጠገብ። ማካሪዮ የተባለው ዓሣ ነጋዴ ሲቀበር፣ ከእሱ ጋር ዕድሜ ልኩን ሲከራከር የኖረው ባላጋራው ባርኔጣውን አውልቆ በሣጥኑ ላይ ጎንበስ አለና «ማካሪዮ፣ ልክ ነበርክ» አለው። ሕዝቡ ሁሉ አለቀሰ። በሳምንቱ ያው ሰው ዛፉ ሥር ቆሞ የማካሪዮን ሐሳብ ሲያብጠለጥል ተገኘ፤ ሲጠየቅም «ያመንኩት ለማካሪዮ እንጂ ለሐሳቡ አይደለም!» አለ፤ ማንም አልወቀሰውም። በቀብሩ ዕለት ዶን ኡባልዶ እጃቸውን አጣምረው ዳር ቆመው ነበር። «እኔስ ለሬሳም አልል» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ።

እንግዲህ የዶን ሲሪሎ ልብ የታመመው በዚህ መካከል ነው። ሐኪሞቹ ከልባቸው ደም ቧንቧዎች አንዱ ካልተጠገነ ክረምቱን አያልፉም አሉ። ቀዶ ጥገናው የተያዘበት ቀን ማለዳ ዶን ኡባልዶ በራችንን አንኳኩ። «ፕሮፌሰር» አሉኝ፤ ሲያሾፉብኝ የሚጠሩኝ እንዲህ ነው፤ «ና፣ ለሲሪሎ የምንወስደውን ማራገቢያ ያዝልኝ።» ወደ ሆስፒታል ስንሄድ እኔ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ታቅፌ፣ እሳቸው የቡና ፔርሙዝና አንሶላ ይዘው፣ መንገዱን ሁሉ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። የተሳፈርንበት ታክሲ ሹፌር የተሳሳተ መንገድ ሲይዝ እንኳ ዝም አሉ።

ኮሪደሩ ውስጥ የዶን ሲሪሎ ልጅ ኔሬይዳ መሐረቧን እያፍተለተለች ቆማለች። ዶን ሲሪሎ ባለጎማ አልጋ ላይ ተጋድመዋል፤ ፂማቸው ተላጭቷል፤ ፊታቸው ከትራሱ የሚለየው በመጨማደዱ ብቻ ነበር። እንዲህም ሆኖ ሲያዩን ዓይናቸው በራ።

«መጣህ፣ አንተ መሪ ጠምዛዥ! ታርሲሎህን አላመጣኸውም?»

ዶን ኡባልዶ ወደ አልጋው ቀረቡ። ከዚያም፣ እጄ ላይ ያለውን ማራገቢያ ልጥለው እስክደርስ ድረስ ያስደነገጠኝን ነገር አደረጉ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ሲሪሎ» አሉ። «ልክ ነህ። ቤኒግኖ ይበልጥ ነበር።»

ክቡርነታቸው ያሰቡት ስጦታ መስጠት ነበር፤ ይህን ዛሬም አልጠራጠርም። ዓለም ላይ ካላቸው ሀብት ሁሉ ውዱን አውጥተው ሰጡ። ዶን ሲሪሎ ግን የሰሙት ሌላ ነገር ነበር። ቀስ ብለው ክርናቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ኔሬይዳ፣ ልብሴን አምጪ።»

«አባዬ! ምን ሆንክ?»

«ሞቻለሁ። አልሰማሽም? ቀበሩኝ እኮ! ካልቀረማ ቤቴ እሞታለሁ እንጂ ቢላዋ ሥር አልሞትም።»

ዶክተር ያኔሊስ፣ ወጣት ሐኪም ናት፣ ጓንቷን እያጠለቀች መጣች። ሁሉም ዝግጁ መሆኑን፣ ለዚህ ሥራ ከዋና ከተማ የመጣው ሐኪም ዛሬውኑ ወደዚያው የሚመለስ መሆኑን፣ ዕድሉም ጥሩ መሆኑን በትዕግሥት አስረዳች።

«ልጄ፣ አንቺ ደግ ነሽ» አሏት ዶን ሲሪሎ። «ይኼ ሰውዬ ግን የተሳሳተ ጥርስ አስነቅሎ ያላመነ ነው። እሱ ካመነልኝ፣ ከእናንተ አንዱ ሹክ ያለው ነገር አለ።»

«ማንም ምንም አላለኝም! በእናቴ!» አሉ ዶን ኡባልዶ፣ ፊታቸው አመድ መስሎ። «ተውኩት! መልሼዋለሁ! ታርሲሎ ይበልጣል! ቤኒግኖህ ኳስ ሳይሆን እንቁላል ነበር የሚወረውረው!»

ዶን ሲሪሎ በኀዘን ፈገግ አሉ። «አየሽ ኔሬይዳ? አሁን ደግሞ ሊያጽናናኝ ነው።»

ነገሩ መውጫ አጣ። ማመን ሞትን አወጀ፤ መካድ ርኅራኄ ሆነ። ዶክተሯ ሰዓቷን አየች፤ ሌላ በሽተኛ ተራውን እየጠበቀ እንደሆነ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለኔሬይዳ ነገረቻት። ኔሬይዳ አለቀሰች። ዶን ኡባልዶ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው እንደ መሪ ጨብጠው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከራከሩበት ነገር ጠፍቶባቸው፣ ወደ እኔ ተመለከቱ። ለምን ወደ እኔ እንደሆነ አላውቅም። ከማራገቢያው ጀርባ ያለሁት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ይሆናል።

«ሁለታችሁም ተሳስታችኋል» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ድምፁ የእኔ ነበር።

ሁለቱም ዞሩ።

«ታርሲሎም፣ ቤኒግኖም አይደለም» አልኩ፤ ቀጥሎ ምን እንደምል ምንም አላውቅም ነበር። «ዌንሰስላኦ ነው።»

«ዌንሰስላኦ?» አሉ ዶን ሲሪሎ። «የትኛው ዌንሰስላኦ?»

«ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ኳስ የሚቀበለው። የሁለቱንም ኳስ የተቀበለው እሱ ነው። በጣቱ ምልክት እየሰጠ ምን እንደሚወረውሩ የሚነግራቸው እሱ ነው። ያለ እሱ አንዱ ፍጥነት ብቻ፣ ሌላው ተንኮል ብቻ ነበር። የከተማችን ታላቅ ተጫዋች… ዌንሰስላኦ ነው።»

የሆነውን በተገቢው ቃል ለመግለጽ ችሎታዬ አይፈቅድም። ዶን ሲሪሎ ግማሽ ራቁታቸውን ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ፊታቸው ላይ ደም ተመለሰ።

«ያ ወፍራም? ያ የድንች ጆንያ? ሲሮጥ ጥላው ቀድሞት ይደርስ ነበር እኮ!»

«ይህ ልጅ መጽሐፍ አሳብዶታል!» አሉ ዶን ኡባልዶ፤ ባርኔጣቸው ወደ ራሳቸው ተመለሰ። «መምታት አይችል! መሮጥ አይችል! እኔ እዚያ ነበርኩ!»

«እኔም ነበርኩ!» አሉ ዶን ሲሪሎ፤ በሕይወቴ ሁለቱ ሲደጋገፉ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ታዲያ» አልኩ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ «ዓይናችሁን እያሻችሁ ነበር።»

ዶክተሯ ብልህ ነበረች። አልጋውን መግፋት ጀመረች። ዶን ሲሪሎ መገፋታቸውን እንኳ አላስተዋሉም፤ ወደ ኋላ ዞረው ጣታቸውን እኔ ላይ ቀስረው ይጮኹ ነበር። «እዚሁ ጠብቀኝ! ስወጣ አስተምርሃለሁ! እንዳትሄድ አንተ ፕሮፌሰር!» በሩ ሲዘጋ በመጨረሻ የታየው ጣታቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ሆነ። ማራገቢያውን የምንሰካበት ቦታ አልነበረም፤ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ዶን ኡባልዶ ቡናውን ቀድተው ሳይጠጡት ያዙት። ስለ ጣራቸው ፍሳሽ አወሩኝ፤ ስለ ሟች ሚስታቸው አወሩኝ፤ ዶን ሲሪሎ ለሠርጋቸው ፀጉራቸውን ሲቆርጡ ጆሮአቸውን እንዴት እንዳደሙት፣ በሠርጉ ፎቶ ላይ ወደ ጎን ዞረው የቆሙት ለዚህ እንደሆነ አወሩኝ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ወሬያቸው ይቆረጥ ነበር። በሩም የሚከፈተው ለሌላ ሰው ነበር። አንድ ጊዜ፣ እኔን ሳያዩ፣ «ባላመንኩለት ኖሮስ?» አሉ።

ከሰዓት በኋላው ሊገባደድ ሲል ዶክተር ያኔሊስ ደክሟት ወጣች፤ ሁላችንንም አየችን።

«ይቅርታ፣ ፕሮፌሰር የሚባለው የትኛችሁ ነው?»

ኔሬይዳና ዶን ኡባልዶ ወደ እኔ ጠቆሙ።

«ነቅተዋል። ደኅና ናቸው። ቱቦው ከጉሮሯቸው እንደወጣ ግን 'ዌንሰስላኦ መሮጥ አይችልም ነበር በሉት' ብለው አዘዙኝ።»

ኔሬይዳ ዶክተሯን አቀፈቻት። ዶን ኡባልዶ ወደ ግድግዳው ዞረው ለረጅም ጊዜ ቆሙ፤ ከዚያም ማንም ሳይጠይቃቸው «እኔ አላለቀስኩም» አሉ። ማንም አልተከራከራቸውም።

ዛሬ ሁለቱም ዛፉ ሥር አሉ፤ እኔም ከጥላው ጠርዝ ወደ መሐል ገብቻለሁ። ወድጄ አይደለም፤ ሕጉ ሕግ ነው፤ ዌንሰስላኦ የእኔ ሆኗል። በጭንቅ ሰዓት ከአፌ የወደቀውን ያን ወፍራም ሰው በየቀኑ ከሁለት አቅጣጫ ከሚመጣ ጥቃት እጠብቃለሁ። ቢያሳፍረኝም፣ እያመንኩበት መምጣቴን መናገር አለብኝ፤ ቁጢጥ ብሎ፣ ሳይጮኽ፣ የሁለት እብሪተኞችን ኳስ የሚቀበል ሰው ታላቅ ቢባል ምን ክፋት አለው?

ባለፈው ክረምት ትኩሳት ጣለኝ። ትኩሳቱ አልወርድ ሲል እናቴ ፈራች፤ ጎረቤት ሁሉ ሰማ። አንድ ቀን ዓይኔን ስከፍት፣ ዶን ኡባልዶ ከአልጋዬ ግርጌ ቆመዋል፤ ዶን ሲሪሎ ከኋላቸው አሉ። ዶን ኡባልዶ ተመለከቱኝ። ከዚያም እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ ባርኔጣቸው ወጣ።

በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ባርኔጣውን ነካ አደረጉት፤ አስተካከሉት፤ እጃቸውን አወረዱ።

«ዌንሰስላኦ» አሉ፣ «ከዳቦ ቤት ሰልፍ የሚብስ ዘገምተኛ ነበር። እኔ እዚያ ነበርኩ!»

እናቴን ሾርባ ስጪኝ አልኳት።