ወይዘሮ ስንቅነሽ ሳይጠይቁ አይሸጡም

መንገድ ዳር ባለ ከተማ ሁሉ ከመሸጥ ይልቅ መጠየቅ የሚቀናቸው አንድ ፋርማሲስት አይጠፉም። የሰመራዋ ክብርት ወይዘሮ ስንቅነሽ ግን የጠያቂዎች ሁሉ አለቃ ናቸው። ለራስ ምታት ክኒን ብሎ የገባ ሰው የአያቱን በሽታ ሳይቀር ተናዞ ይወጣል። «ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ ልጠይቅህ» ካሉ አለቀ፤ ወንበር መፈለግ ነው።

ሙእሚን ይህን ቢያውቅ ኖሮ በዚያ በር ባልገባ። የአዋሽ ልጅ ነው፤ በጅቡቲ መንገድ በከባድ መኪና ይመላለሳል። ከኸሊዳ ጋር ከተጋቡ ገና ዓመት አልሞላቸውም፤ አልጋ ላይ ግን ነገሩ ሳይጀመር ያልቅበታል። ከኀፍረቱ ብዛት ጭነት አለብኝ እያለ መንገድ ላይ ማደር ጀምሯል። አዋሽ እንዳይገዛ ደግሞ ፋርማሲስቱ የሚስቱ አጎት ናቸው። ወጉም ይኸው ነው፤ የአዋሽ ሰው ያፈረበትን መድኃኒት ሰመራ ይገዛል፣ የሰመራውም አዋሽ። መንገድ ላይ ሲተላለፉ ክላክስ ይለዋወጣሉ።

«ለጓደኛዬ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ቶሎ... ቶሎ ለሚጨርስ ሰው የሚሆን።»

«ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ ልጠይቅህ» አሉ መነጽራቸውን እያደረጉ። «ጓደኛህ የልብ ሕመም አለበት?»

«ኧረ የለበትም።»

«የግፊት መድኃኒት ይወስዳል? የጭንቀት ክኒንስ? ይጠጣል? ይቅማል?»

«ሹፌር ነው እኮ፣ እትዬ።»

«ሹፌር!» ከኋላ የቆሙት ሁሉ ጆሯቸውን አቀኑ። ሙእሚን በላብ ተጠመቀ። «ራሱን ስቶ ወድቆስ ያውቃል?»

ባለፈው ረመዳን ሚሌ ላይ ከመኪናው ሲወርድ ዓይኑ ጨለመበትና ሲነቃ ሰው ከቦት ነበር። መሪውን እንዳይነጥቁት ፈርቶ ለማንም ትንፍሽ አላለም። አዎ ቢል ክኒኑ ይቀራል፤ የለም ቢል ደግሞ የሚመጣውን አላህ ያውቃል።

«አንዴ... ሚሌ ላይ» አለ በመጨረሻ።

«እንግዲያው አልሸጥም። ይኼ ክኒን ያዞራል፣ ይጥላል። ጤነኛውም ቢሆን ውሃ ጠጥቶ፣ ቀስ ብሎ ተነሥቶ፣ መሪ ሳይነካ ነው የሚወስደው። ወድቆ የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ ልቡን ይታይ። ዱብቲ ሆስፒታል ይሂድ፤ ከባለቤቱ ጋር ቢሆን ደግ ነው። የስንቱ ቤት ችግር መሰለህ! ያለ ክኒንም መላ አለው።»

ሙእሚን ነድዶ ወጣ። መኪናው ውስጥ ሆኖ በልቡ ያልሰደባቸው ስድብ የለም። ከኪሱ አንድ ባልደረባው «በዚህ ትድናለህ» ብሎ የሰጠውን ስም የሌለው ክኒን አወጣ። አፉ ጋ አደረሰውና ሚሌ ላይ መውደቁ ትዝ አለው። ፈራ፤ ከልቡ ፈራ። ስልኩን አነሣ።

«ኸሊዳ፣ ሐኪም ጋ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?» አለና የደበቀውን ሁሉ እየተንተባተበ ነገራት።

ሳጓ ተሰማ። «እኔ እኮ ሌላ ይዞ ነው ብዬ ወላሂ ዓይኔ እስኪጠፋ ሳነባ ነው የከረምኩት! እሄዳለሁ፤ ለምን አልሄድም?»

ሙእሚን ተመልሶ ገባ። ስም የሌለውን ክኒን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። «እትዬ፣ ይኼን ይጣሉልኝ» አለ በሰው ሁሉ ፊት። «ከባለቤቴ ጋር ዱብቲ የምንቀርበው ማን ጋ ነው?»

ክብርት ወይዘሮ ስንቅነሽ የሐኪሙን ስም ነገሩት እንጂ ምንም አልጠየቁትም። ከባንኮኒው ወጥተው ቀዝቃዛ ውሃ እጁ ላይ አኖሩለት። «ጠጣ፣ ልጄ» አሉና እስኪጨርስ ድረስ አጠገቡ ቆሙ።