የሚራመደው ሙዜ

መንገድ የሚበላ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ መስታወት ባየሁ ቁጥር አየዋለሁ።

ኩልፎ ወንዝ ዳር፣ በእኔና በጎረቤቴ በጋሽ ዳና የሙዝ ማሳ መካከል የጋራ የጋሪ መንገድ አለን። ሙዜ ወደ መንገዱ ሲያቆጠቁጥ አይቼ እንዳላየ ሆንኩ። እንዲያውም፣ አልዋሻችሁም፣ ውሃ አጠጣሁት።

ጋሽ ዳና በዱቡሻ፣ በሽማግሌዎቹ አደባባይ፣ ከሰሱኝ። እዚያ መዋሸት ነውር ስለሆነ እውነቱን ተናገርኩ፦ «አባቶቼ፣ እኔ አልተከልኩም። ሙዝ ራሱ ይራመዳል።» ሽማግሌዎቹ ተያይተው ለሌላ ቀን ቀጠሩን።

በሳምንቱ ሙዝ የጫነው የራሴ ጋሪ እዚያው መንገድ ላይ በበቀለው ሙዜ መካከል ተቀረቀረ። «ኧረ ጋሽ ዳና፣ ይድረሱልኝ!» ብዬ ጮህኩ።

አጥራቸውን ተደግፈው፣ «ምን ያስጮህሃል ልጄ?» አሉኝ። «መራመድ ለሚያውቅ ሙዝ ጋሪ ምን ያደርግለታል?»

መንገዱን የዘጋውን ሙዝ እንዳልቆርጠው እልህ ያዘኝ። ይኸው ዛሬም ሙዜ ትከሻዬ ላይ ነው፤ የሚራመደው እኔ ነኝ።