ሰባት ጊዜ የሰረቀው ዘበኛ

በአገራችን ሰውን እንደ መገምገም ቀላል ሥራ የለም! ወንበር ስቦ መቀመጥ፣ መነጽር ማድረግ፣ ፋይል መግለጥ፣ ከዚያ "እህ…" ማለት ብቻ ነው። የሚያስቸግረው የሚገመገመው ሰው ምን እንደሚሠራ ማወቁ ነው፤ እሱን ደግሞ ማን ጠይቋችሁ!

ይህን የምላችሁ ከሜዳ ተነስቼ አይደለም… ኧረ እንዲያውም ከሜዳ ተነስቼ ነው! በሃምሳዎቹ መጨረሻ ላይ ደብረ ብርሃን ውስጥ የአንድ እህል ነጋዴ ድርጅት የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበርኩ። አዎ፣ ተጫዋች፤ ያውም በደመወዝ! አትሳቁ። የድርጅታችን ሥራ አስኪያጅ አዲስ አበባ ሄደው ጨዋታውን ያዩና ልባቸው ይጠፋል። ተመልሰው ከመጋዘኑ ጀርባ ሁለት ግንድ አስተከሉ፤ ከበርሜል የተቆረጠ ቀለበትም አስመቱበት። የከተማው ሰው "ቅርጫት ነው ትላላችሁ፣ ታዲያ ቂጡ የታለ?" እያለ ሊያየው ይጎርፍ ነበር። በዚያ ብርድ በቁምጣ የሚሮጥ ጎረምሳ ማየትም ራሱን የቻለ ትርኢት ነው መሰለኝ፣ እሑድ እሑድ ሜዳው ጢም ይል ነበር።

የኔ ቦታ ጋርድ ነበር። ለማታውቁት… ጋርድ ማለት ኳሷን ከኋላ ይዞ የሚመጣ፣ ጨዋታውን የሚያቀናጅ፣ ቁመት ያልተቸረው ሰው ማለት ነው። ልቀጠር ሰነድ ያዡ አቶ መኩሪያ ዘንድ ስቀርብ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

"ሥራህ ምንድን ነው?"

"ጋርድ ነኝ።"

"ምን ያንቀባርርሃል! ዘበኛ ነኝ አትልም?" አሉና ቁልጭ አድርገው "ዘበኛ" ብለው ጻፉ።

"አይ፣ አቶ መኩሪያ፣ እኔ እኮ የኳስ ጋርድ ነኝ…"

"ኳሱስ ቢሆን የድርጅቱ ንብረት አይደለም?"

ምን ልበላቸው? እውነታቸውን ነው! ፈረምኩ። አንድ ካፖርትና አንድ ዱላም ፈርሜ ተረከብኩ። ዱላውን ጥግ አስይዤ ካፖርቱን ለበስኩት፤ ብርዱን ታውቁት የለ?

ዓመቱን ሙሉ በር ላይ ቁም ያለኝ አልነበረም፤ ሥራ አስኪያጁ ያውቁኛላ። ውሌ ሊያልቅ ወር ሲቀረው ግን ሰውየው ወደ ሌላ አገር ተዛወሩና የኔ ነገር ለኮሚቴ ተመራ። በዚያው ሰሞን ደግሞ አስካለ የምትባል ልጅ ላገባ አንኮበር ሽማግሌ ልኬ ነበር። የአስካለ አባት መሪጌታ ናቸው፤ ሳቅ የሚባል አያውቁም። ሽማግሌዎቹን "ኳስ መጫወት ልጆች ያደርጉታል እንጂ ሥራ ሲሆን አልሰማሁም። የታደሰ ውል ያሳየኝና ልጄን ይውሰድ" ብለው ሸኟቸው። እንግዲህ ውሉ ካልታደሰ አስካለ ቀረችብኝ ማለት ነው። እህል ከአፌ አልገባ አለ።

የግምገማው ቀን ደረሰ። ሰብሳቢው የመጋዘኑ ሹም ግራዝማች ኃይሉ ናቸው፤ ጸሐፊው ያው አቶ መኩሪያ። "የሙያው አዋቂ ይጠራ" ተባለና ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? የዘበኞች አለቃው አሥር አለቃ ድንቁ!

"አሥር አለቃ፣ ይህን ዘበኛ እንዴት ያዩታል?"

"ግራዝማች፣ እኔ በር ላይ ቆሞ አይቼው አላውቅም። አንድ ቀን ብቻ ሲሮጥ አይቼዋለሁ።"

"ሌባ እያባረረ?"

"ኧረ እሱን ነው አምስት ሰው የሚያባርረው!"

ግራዝማች "እህ…" አሉ። "ለመሆኑ ደመወዙ ስንት ነው?"

"ዘጠና ብር" አሉ አቶ መኩሪያ ፋይሉን ገልጠው። የአሥር አለቃ ድንቁ ዱላ ከእጃቸው ወደቀ። እሳቸው አለቃ ሆነው ሠላሳ አምስት ነው የሚያገኙት።

"ዘጠና ብር! ምን ቢጠብቅ ነው?"

"ሜዳ" አልኩ፣ ሳላስበው ከአፌ አምልጦኝ።

"ሜዳ ደግሞ ማን ይሰርቃል?"

ነገሬ እየተበላሸ ሲሄድ አቶ መኩሪያ "የአሠሪው ምስክርነት አለ" አሉና ነፍሴ መለስ አለች። አሠሪው ያሉት አሠልጣኛችንን መምህር ጌታነህን ነው። መምህር ጨዋታውን ያወቁት ከፈረንጅ መጽሐፍ ነበር፤ የፈረንጅ ቃል ግን ምላሴን ያቆስለኛል ስለሚሉ እያንዳንዱን ቃል ቁጭ ብለው ወደ አማርኛ መልሰውታል። "አደራ መምህር፣ አሳምረው ይጻፉልኝ" ብዬ ጉልበታቸውን የሳምኩት እኔው ራሴ ነኝ። አሳመሩልኝ! አቶ መኩሪያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማንበብ ጀመሩ፦

"ይህ ባልደረባችን ከሁሉ የሚበልጠው በመስረቅ ነው። ባለፈው እሑድ ብቻ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ሰባት ጊዜ ሰርቋል። የሰረቀውን ሲመቸው ራሱ ቅርጫት ውስጥ ይከታል፤ ሳይመቸው ለጓደኞቹ ያቀብላል። በማታለል ወደር የለውም። እጁ ከመፍጠኑ የተነሳ የተሰረቀው ሰው የሚነቃው ዘግይቶ ነው። ለወጣቶች መልካም አርአያ ስለሆነ ውሉ እንዲታደስለት በአክብሮት አሳስባለሁ።"

አሥር አለቃ ድንቁ ቀስ ብለው ተነሡና በሩን ዘግተው ቆሙ።

"እውነት ነው?" አሉኝ ግራዝማች።

"እውነት ነው፤ ግን…"

"አመነ!" አሉ አቶ መኩሪያ፤ ጻፉትም።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? መምህር መስረቅ የሚሉት ኳስ ከተጋጣሚ እጅ መንጠቅን ነው፤ ታዲያ አልሰረቅኩም ልበል? ዓመት ሙሉ የለፋሁበትን ልካድ? ደግነቱ መምህር ጌታነህ ውጭ እየጠበቁኝ ነበርና ይግቡ ተባለ። ፈገግ ብለው ገቡ።

"መምህር፣ ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?"

"እንዴታ! እንዲያውም አሳንሼለት ነው፤ ዘጠኝ ጊዜ ነው ብሎ የሚከራከረኝ አለ።"

"የት ነው የሚሰርቀው?"

"ሜዳ ላይ ነዋ፤ በጠራራ ፀሐይ።"

"ሰው አያየውም?"

"ከተማው በሙሉ ቆሞ ያየዋል! እንዲያውም ያጨበጭብለታል።"

"ዳኛ የለም?"

"ሁለት አሉ፤ አጠገቡ ናቸው።"

"ምንም አይሉም?"

"ምን ይላሉ ግራዝማች? በሕግ የተፈቀደ ነው!"

ግራዝማች መነጽራቸውን አወለቁ። እኔ ወህኒ ቤቱ ታየኝ። አስካለ ሌላ ሰው ስታገባ ታየችኝ። መሪጌታም በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ ታዩኝ።

"ጎበዝ፣ ተሳስተናል!" አሉ ግራዝማች ጠረጴዛውን መታ አድርገው። "ሕዝብ እያየው፣ ዳኛ አጠገቡ ቆሞ፣ በሕግ የሚሰርቅ፣ ሰርቆም የሚጨበጨብለት ሰው እጃችን ላይ እያለ… ዘበኛ አድርጋችሁ ታስቀምጡታላችሁ? ለግዥ ክፍል ኃላፊ አጣን ስትሉ አልነበረም?"

ስሜ ተሾመ ነው። በማግስቱ ከተማው "ተሾመ ተሾመ!" ሲል ዋለ። መምህር ጌታነህ ብቻ "ዋናውን ሌባዬን ወሰዱብኝ" ብለው ከልባቸው አዘኑ። መሪጌታማ "ግዥ ክፍል" የምትለዋን ሲሰሙ ውሉን አሳየኝ ማለቱንም ረሱት፤ "ልጄ" ብለው ጠሩኝ። በጥር ተሠረገ፤ አስካለን ይዤ ተመለስኩ።

ከዚያ ሥራ ጀመርኩ። ጫጫ ሄጄ ገብስ ገዛሁ፣ መዘዞ ሄጄ ስንዴ ገዛሁ። በሚዛን ልክ አስመዘንኩ፣ የከፈልኩትን ጻፍኩ፣ የተረፈውን መለስኩ። በሦስተኛው ወር ደብዳቤ መጣልኝ። "ለቦታው የሚያስፈልገውን ችሎታ ስላላሳየ ተሰናብቷል" ይላል። ደሜ ፈላ! በሩጫ ግራዝማች ዘንድ ገባሁ። እሳቸው ግን አልተቆጡም፤ እንደ ታመመ ሰው በሐዘኔታ አዩኝ።

"ልጄ፣ አሞሃል እንዴ?"

"ኧረ ደህና ነኝ፣ ግራዝማች!"

"ታዲያ ምን ነካህ? ስንት ተስፋ ጥለንብህ! በአርባ ደቂቃ ሰባት ጊዜ የሰረቅክ ሰው፣ እዚህ ሦስት ወር ሙሉ አንዲት ነገር እንኳ አትሰርቅም? ባልደረቦችህም 'ምንም አላቀበለንም' ብለው አኩርፈዋል።"

"ግራዝማች፣ ሜዳው ላይ እኮ ፊሽካ አለ። ትንሽ ካለፍኩ ይነፋብኛል፤ አቆማለሁ።"

"እዚህስ?"

"እዚህ የሚነፋ የለም። አንዴ ከጀመርኩ… የት ላይ እንደማቆም በምን አውቃለሁ?"