ጋሼ አትንኩትና አሮጌው ሰርቨር

ኮምፒውተር ባለበት ቢሮ ሁሉ አንድ ጋሼ አትንኩት አሉ። የሉንም የምትሉ እስቲ ጠረጴዛ ሥር ጎንበስ ብላችሁ እዩ። አቧራ የጠጣ ማሽን እያጉረመረመ ከሆነ ባለቤቱም ሩቅ አይደሉም።

የእኛው ክቡርነታቸው የሰው ድረ ገጽ በሰርቨር ላይ እያኖረ የሚተዳደር መሥሪያ ቤት ውስጥ ባልደረባዬ ናቸው። "እየሠራ ነው፤ አትንኩት" ይላሉ። ስለማይዘጋው መስኮት ይህንኑ ይላሉ፣ ወደ ኋላ ስለሚሄደው የግድግዳ ሰዓትም ይህንኑ። ጥርሳቸው ለሁለት ተሰንጥቆ ሐኪሙ ሊነቅለው ሲል አፋቸውን በእጃቸው ከድነው እንዲሁ ብለዋል አሉ።

እውነት ለመናገር ድረ ገጾቹን የተሸከመው አሮጌ ማሽንም ያስፈራል። ድረ ገጾቹ የተሠሩበትን ሶፍትዌር ሠሪዎቹ ራሳቸው ከተዉት ቆይቷል። አንድ ፊደል ካረሙበት ያኮርፍና ገጹን በሙሉ ይደፋዋል። አንድ ደንበኛ ስልክ ቁጥሩ በስህተት ተጽፎበት አቤት ሲል፣ ጋሼ ገጹን ከማረም ይልቅ ሰውየውን ለምነው ስልኩን አስቀየሩት።

በቅርቡ ሥራ አስኪያጁ ቁርጡን ነገረን። ድረ ገጾቹ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ወዳለው አዲስ ሰርቨር ይዛወሩ፣ አሮጌው ማሽን ተነቅሎ ለአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢ ይሰጥ። ማዛወሩ ለእኔ፣ መስጠቱ ለጋሼ ደረሰ።

የመጨረሻው የአንዲት የሠርግ ፎቶ አንሺ ገጽ ነበር። ስቱዲዮዋን ጎርፍ ስለበላው የዕድሜ ልክ ሥራዋ የቀረው እዚያ ገጽ ላይ ብቻ ነው። "አደራ ልጄ፣ ሌላ ቅጂ የለኝም" አለችኝ። አዛወርኩ፣ እያንዳንዱን ገጽ ከፍቼ አየሁ፣ ምንም አልጎደለም። ጋሼም ወለሉን እያዩ "ማሽኑ ሄዷል" አሉ። ሐዘን ላይ ናቸው ብዬ ሻይ አዘዝኩላቸው።

ትናንት የሕንፃችን መብራት ለጥገና ሲቋረጥ ፎቶ አንሺዋ እያለቀሰች ደወለች። በስልኬ ገጹን ብከፍት አንድም ሙሽራ የለም። ባዶ ሳጥን፣ ከሥሩ "ሙሽራዋ ኬክ ስትቆርስ"። ሌላ ባዶ ሳጥን፣ "የሙሽራው አጎት ሲጨፍሩ"። ያን ጊዜ ጉዴ ገባኝ። እኔ ያዛወርኩት ጽሑፉን ብቻ ነው፤ ፎቶዎቹን አዲሱ ገጽ ከአሮጌው ማሽን ላይ እየሳበ ነበር የሚያሳየው። ግን ማሽኑ ከሄደ ሰንብቷል፤ እስከ ትናንት ከየት ሲመጡ ነበር?

ዞር ብዬ ጋሼን አየኋቸው። ቀስ ብለው ከጠረጴዛቸው ሥር ያለውን ብርድ ልብስ ገለጡ። እግራቸውን የሚያሳርፉበት በርጩማ የመሰለኝ ነገር ማሽኑ ነበር።

"እጄ እምቢ አለኝ" አሉ።

"ታዲያ ለዕቃ ሰብሳቢው ምን ሰጡት?"

"የሥራ አስኪያጁን አዲሱን ፕሪንተር።"

መብራት ሲመጣ ማሽኑ እያቃሰተ ተነሳ፣ ሙሽሮቹም አንድ በአንድ ተመለሱ። ጋሼን ግንባራቸውን ሳምኳቸው። እኚህን ሰው እወዳቸዋለሁ፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ግን አላውቅም ነበር። ወዲያው ፎቶዎቹን በሙሉ ወደ አዲሱ ሰርቨር ቀዳሁ።

ዛሬ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ በሩን በርግዶ ገባ። ፕሪንተሩን ለአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢ የሰጠው ሰው ዛሬውኑ ከሥራ እንደሚሰናበት ነገረን። ጋሼ ኮታቸውን ቆልፈው ሊነሱ ሲሉ ትከሻቸውን ይዤ አስቀመጥኳቸው።

"እኔ ነኝ የሰጠሁት" አልኩ።